ጀነሬተሩን አጥፉልን

ወልቂጤ ላይ የእቁብ ዳኛ የሚያምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እጁ የገባ ብርና የፈረመ ዋስ። ዕጣው ወጥቶልህ ፊትህ ገና ሳይፈካ «ዋስ ጥራ» ትባላለህ። የአጎቱ ልጅ ነህ፤ ዋስ ጥራ። አንድ በረንዳ ላይ አብራችሁ ሊስትሮ የሠራችሁ ናችሁ፤ ዋስ ጥራ። ዋሱ ሲመጣም ነገሩ አያበቃም። «ይሄ ሰው አምና ለማን ዋስ ሆኖ ነበር? ያስ ሰው ጨርሶ ከፍሏል?» እየተባለ የዋሱም ገመና ይመረመራል። ቡታጅራ ከብት ተራ ብትወርድም ያው ነው። ላም ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርሷን ገልጦ ያያል፣ ጡቷን ይዳብሳል፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬዳታል፤ በመጨረሻም ሻጩን ቀና ብሎ እያየ «እንዲህ ደህና ከሆነች ለምን ትሸጣታለህ?» ይለዋል። ልጅ ለመዳር የተነሣ አባትማ ሰባት ቤት ሳይቆጥር እንቅልፍ አይወስደውም።

ይህን ያህል ጠንቃቃ ሰው በምን ይታለላል ትሉ ይሆናል። በስልክ።

መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለውም፣ ሐዋሳ ያለውም፣ አዳማ ያለውም አገሩ ይገባል። ክትፎው ተበልቶ፣ ቆጮው ተነሥቶ፣ ቡናው ሲቀርብ ስልኮች ይወጣሉ፤ የዓመቱ ተአምርም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ዓመት በውሃ የምትሄድ መኪና ናት። ሌላው ዓመት ራሱን በራሱ የሚያሽከረክር ዲናሞ ነው፤ አንድ ጊዜ በእጅ ከተገፋ እስከ ዕለተ ምጽአት መንደሩን ያበራል። ሰሞኑን ተራው የዚምባብዌው ማክስዌል ቺኩምቡትሶ ሆኗል። ሰውየው ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ከሬዲዮ ሞገድ ኃይል እየሳበ የሚሠራ ማሽንና መኪና አለኝ ይላል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፕሬዚዳንት ኤመርሰን ምናንጋግዋ ቤተ መንግሥታቸው ድረስ አስመጥተው መኪናዋን አይተውለታል። ከቪዲዮው ሥር «ሳያጠፉት ፈጥናችሁ ሼር አድርጉ» የሚል ማሳሰቢያ አይጠፋም። ማን እንደሚያጠፋው ግን አይነገረንም።

ቡታጅራ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይህ ቪዲዮ ሲታይ የሰማሁትን ልንገራችሁ። አሳዪው የባጃጅ ሹፌር ነው። ባጃጇ ጥግ ይዛ ቆማለች፤ የቆመችው ቤንዚን አጥታ ነው። ተመልካቹ የሱቁ ባለቤት፣ ስድሳን የዘለሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ቤንዚን የለ፣ ቻርጅ የለ። ከአየር ላይ ነው የሚስበው።»

«ምኑን?»

«የሬዲዮ ሞገድ።»

ሰውየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መደርደሪያው ላይ ወደተቀመጠች አሮጌ ሬዲዮ ዞሩ። «ታዲያ ይቺ ሬዲዮ ራሷ በየወሩ ድንጋይ ግዛልኝ የምትለኝ ምን ሆና ነው?»

ልጁ ሳቀ፤ ግን አልተረታም። «ይሄ ሌላ ቴክኖሎጂ ነው ጋሼ።»

«ይሁን። መለዋወጫው መርካቶ ገብቷል?»

«አይበላሽማ!»

«እንግዲያው አይሠራም» አሉና መነጽራቸውን ወደ ቦታው መለሱት። «ዕድሜዬን ሙሉ መለዋወጫ ሸጬ ነው ልጅ ያሳደግሁት። የሚሠራ ነገር ሁሉ ይበላሻል።»

ስለ ሬዲዮዋ የተናገሩት ፊዚክሱም የሚመሰክርላቸው ነው። በየከተማው አየር ላይ የሚመላለሰው የሬዲዮ ሞገድ በአንቴና ቢለቀም የሚገኘው ኃይል የሚቆጠረው በዋት ሚሊዮንኛ ነው። ባጃጅ ግን ሞልታ አቀበት ስትወጣ ስድስት ሰባት ሺህ ዋት ትፈልጋለች። በመካከላቸው ያለውን ገደል የሚሞላ ሌላ ቴክኖሎጂ ቢኖር እንኳ ከየት አምጥቶ እንደሚሞላው መናገር ነበረበት።

ወጣቱ ግን አንድ ሌላ መልስ ነበረው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነው። «አፍሪካዊ ስለሆነ ነው እንጂ ፈረንጅ ቢሆን ሁላችሁም ታምኑት ነበር።» ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ጥቁር ሰው የሠራውን ማናናቅ ያለና የነበረ በደል ነው። ስለዚህ ፍርዱ እንዲስተካከል የምንመረምረው ሰው ፈረንጅ ይሁን። ያውም ጣሊያናዊ። ስሙ አንድሬያ ሮሲ ነው። ከአፍሪካም ከአውሮፓም የነጻ ኃይል ባለቤት ነኝ ባዮች መካከል እንደሱ የኋላ ታሪኩ በፍርድ ቤት ወረቀትና በቤተ ሙከራ ዘገባ የተመዘገበለት ሰው ጥቂት ነው። ሰባት ቤት እንቁጠርለት አልልም። ሦስት ይበቃናል።

አንደኛው ቤት። ሮሲ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ፔትሮልድራጎን የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ከኢንዱስትሪ ቆሻሻ ነዳጅ አወጣለሁ አለ። ቆሻሻ የሚያስጨንቀው ፋብሪካ ሁሉ ከፍሎ አስረከበው፤ ጋዜጦችም «የብሪያንዛው ሼክ» ብለው አቆለጳጰሱት። ቆሻሻው መጣ፤ ነዳጁ ግን አልመጣም። በ1990ዎቹ ድርጅቱ ተዘጋ፣ ንብረቱ ተያዘ፣ ሮሲም ታሰረ። ከተከሰሰባቸው ብዙ ጉዳዮች የተፈረደበትም ነጻ የወጣበትም አለ፤ ይህን ማለት ተገቢ ነው። የቀረውን ወደ 70,000 ቶን የሚጠጋ መርዛማ ቆሻሻ ለማስወገድ ግን የሎምባርዲያ ክልል ወደ 40 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጪ ተሸክሟል። የኃይል ፈጠራ ሲባል አንዳንዴ ኃይሉ የሚወጣው ከግብር ከፋዩ ነው።

ሁለተኛው ቤት። ሰውየው አሜሪካ ገባ፤ ሙቀትን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ ከተለመዱት ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ መሣሪያ ሠርቻለሁ አለ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የምርምር ተቋም ጉዳዩን በገንዘብ ደግፎ ውጤቱን በ2004 በዘገባ አወጣ። ቃል የተገባው እያንዳንዱ መሣሪያ ከ800 እስከ 1,000 ዋት እንዲያወጣ ነበር። 27 መሣሪያዎች መጡ። 19ኙ ምንም አላወጡም። የቀሩት ስምንቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ዋት አልሞሉም። አንድ ዋት ማለት ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ የምንይዘውን የባትሪ መብራት ከማብራት የማያልፍ ነው። ይህ ዘገባ የተደበቀ አልነበረም፤ ለሚፈልግ ሁሉ ይገኝ ነበር። የፈለገ ግን አልነበረም።

ሦስተኛው ቤት፣ ስሙን የዓለም ያደረገው። ጥር 2011 ሮሲ ከሰርጂዮ ፎካርዲ ከሚባሉ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ጋር ሆኖ ቦሎኛ ውስጥ «ኢ-ካት» የሚባል ማሽን አሳየ። የኒኬል ዱቄትና ሃይድሮጅን ይገባል፤ ኒኬሉ ወደ መዳብ ይለወጣል፤ በዚህ መሐል የኑክሌር ሙቀት ይወጣል ተባለ። እንዲህ ያለ ለውጥ በእውነት ቢካሄድ አጠገቡ የቆመውን ሁሉ የሚጎዳ ጨረር ይወጣ ነበር። በዚያ ክፍል የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከማሽኑ ወጣ የተባለው ዱቄት ለስዊድን ተመራማሪዎች ተሰጥቶ ሲመረመርም መዳብ ተገኘበት። ችግሩ የመዳቡ የአይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የመዳብ አቶሞች) መጠን ከመሬት ተቆፍሮ፣ ቀልጦ ገበያ ከሚሸጠው መዳብ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነበር።

ሙቀቱስ በምን ተለካ? በእንፋሎት። እዚህ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር አለ፤ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ተንኖ ለማለቅ ግን ጊዜ ይወስዳል። አንድ ኪሎ ውሃ ከክፍል ሙቀት እስከ መፍላት ለማድረስ 335 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። የፈላውን ያንኑ ኪሎ አንድ ጠብታ ሳይቀር ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ሌላ 2,260 ኪሎጁል ያህል ይፈልጋል፤ ሰባት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስለዚህ ከቱቦው የወጣው እንፋሎት ደረቅ ነው ካልክ ማሽኑ ተአምረኛ ይሆናል። ግማሹ ፍል ውሃ ነው ካልክ ማሽኑ ግድግዳ ላይ የተሰካ የውሃ ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል። ሮሲ ደረቅ ነው አለ። በዚያው ዓመት ሰኔ አንድ ጋዜጠኛ ሄዶ የቱቦውን ጫፍ በቪዲዮ ቢቀርጸው የወጣው ጭስ ከተወራው ኃይል ጋር የማይመጣጠን ደካማ ነገር ነበር።

ዲክ ስሚዝ የሚባሉ የአውስትራሊያ ባለሀብት ነገሩን በነጋዴ ዓይን አዩት። በ2012 «የኤሌክትሪክ ገመዱ በትክክል እየተለካ አንድ ጊዜ ብቻ አሳየኝና አንድ ሚሊዮን ዶላር ውሰድ» አሉት። ሮሲ አልፈልግም አለ። በሠርቶ ማሳያ የሚያልፍ አንድ ቀን፣ ዋጋው አንድ ሚሊዮን ዶላር፣ ሥራውም ድሮ ደጋግሞ የሠራው። ይህን «አልፈልግም» የሚል ነጋዴ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ካለ አሳዩኝና እቁቡን ያለ ዋስ ልስጠው።

ከሁሉ የሚያምረው ግን የጥቅምት 2011 ሠርቶ ማሳያ ነው። ሮሲ አንድ ሜጋዋት ሙቀት የሚሰጥ ማሽን በመርከብ ኮንቴይነር ውስጥ ገጣጥሞ ለአንድ ደንበኛ አስረከበ። ደንበኛው ማነው? ምሥጢር ነው። እንግዶቹ በጥቂት በጥቂቱ እየገቡ ለአፍታ አይተው ወጡ። በቀኑ ማብቂያ ማሽኑ 479 ኪሎዋት አውጥቷል ተባለ። ሙሉ ሜጋዋቱ ባይሞላም ተጨበጨበ። ኮንቴይነሩ አጠገብ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ አንድ ትልቅ የናፍጣ ጀነሬተር ተቀጥሎ ነበር፤ አቅሙም ወደ 500 ኪሎዋት የሚጠጋ። ለምን አልጠፋም ሲባል ለጥንቃቄ ነው ተባለ።

ወልቂጤ ላይ መብራት ሲሄድ ጀነሬተር ያለው ሆቴል የትኛው እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል፤ የሚያበራው ሆቴል ከኋላው የሚጮህ ነገር ያለበት ነው። እዚያ ቦሎኛ ግን ዲግሪ የደራረበ ሰው ቆሞ፣ የሚጮኸውን በጆሮው እየሰማ፣ የሚያበራውን በዓይኑ እያየ፣ ሁለቱን ማገናኘት አቃተው። በዚያች ሰዓት አንድ የመናኸሪያ ረዳት መካከላቸው ቢኖር «ወንድሜ፣ እስቲ ያንን አጥፉልን» ብሎ የአሥር ዓመት ክርክር ይገላግል ነበር።

አልተገላገለም። ከዚያ በኋላ ኢንዱስትሪያል ሂት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 11.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ማሽኑ ዓመት ሙሉ ከሠራ ሌላ 89 ሚሊዮን ሊጨምር ተስማማ። ፈተናው ማያሚ አጠገብ ዶራል ላይ ባለ መጋዘን ውስጥ ተጀመረ፤ የሚወጣውን ሙቀት የሚገዛ ደንበኛም ተገኘ። ኋላ ሮሲና ኩባንያው ፍርድ ቤት ሲደርሱ የደንበኛው ድርጅት ኃላፊ የራሱ የሮሲ ጠበቃ ሆኖ ተገኘ። ሻጭም ገዥም ዋስም አንድ ቤት ውስጥ ሲያድሩ ይህን ነገር እኛ አገር ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። የኩባንያው ባለሙያ በዕለታዊ መዝገቡ ላይ የውሃው ፍሰት ቀን ከቀን ሳይዛነፍ 36,000 ኪሎ ተብሎ መጻፉ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ከአንድ ወንዝ የሚቀዳ ውሃ እንኳ በክረምትና በበጋ ይለያያል።

ደግሞስ ያ ሁሉ ሙቀት የት ሄደ? አንድ ሜጋዋት ማለት ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ እንጀራ ሲጋግር ማለት ነው፤ ቀንና ሌሊት፣ ለአንድ ዓመት። ጎረቤት ባይሰማ እንኳ ይሸተዋል፤ ባይሸተው ያልበዋል። ሮሲ መልስ አላጣም። ፎቅ ላይ ሙቀቱን በመስኮት የሚያስወጣ መሣሪያ ሠርቼ ነበር አለ። መሣሪያውስ የት አለ? ነቃቅዬዋለሁ።

በሐምሌ 2017 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ማንም አልተፈረደበትም፣ ለማንም አልተፈረደለትም፤ ሮሲ አታላይ ነው ያለ ፍርድ ቤት በዚያ ክስ የለም። 11.5 ሚሊዮኑ ግን እሱ ጋር ቀረ። ሮሲ እስካሁንም አልደከመም። ቆየት ብሎ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ይዞ ብቅ አለና «ትዕዛዙ አንድ ሚሊዮን ሲሞላ ማምረት እጀምራለሁ» አለ። እኛም እቁብ ሳይሞላ ዕጣ አናወጣም፤ ነገር ግን አንድ ሚሊዮን አባል እስኪሞላ ብሎ የመጀመሪያውን ዕጣ ቀን ሳይቆርጥ ያደረ የእቁብ ዳኛ እኔ አላየሁም።

እንዲህ ያለው ነገር ከሮሲም አልጀመረም። በ1813 ቻርልስ ሬድሄፈር ኒውዮርክ ላይ ለዘላለም የሚሽከረከር ማሽን እያሳየ የመግቢያ ገንዘብ ይቀበል ነበር። የእንፋሎት መርከቡ ሮበርት ፉልተን ሊያይ ሄደና መንኮራኩሩ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ማለቱን አስተዋለ። ሰው በእጁ ሲዘውር እንዲህ ነው። ከግድግዳው ላይ ጥቂት ጣውላ ቢነቅል የጅማት ገመድ ወጣ፤ ገመዱን ተከትሎ ጣሪያ ሥር ቢደርስ አንድ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው ዳቦ እየገመጡ በሌላው ዘወርዋራ ይዘውራሉ። የፊላደልፊያው ጆን ኪሊም በ1872 ኩባንያ አቋቁሞ ባለአክሲዮኖችን እስኪሞት፣ እስከ 1898 ድረስ፣ «ሊደርስ ነው» እያለ አቆያቸው። ሲሞት ቤቱ ቢፈተሽ ምድር ቤቱ ውስጥ ሦስት ቶን ያህል የሚመዝን የብረት ሉልና ወደ ላይ የሚወጡ ቱቦዎች ተገኙ። መኪና በውሃ እነዳለሁ ያለው አሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር ደግሞ በ1996 ኦሃዮ ፍርድ ቤት ቀርቦ ባለሙያዎች ማሽኑን ሲያዩት ተራ ኤሌክትሮሊሲስ (ውሃን በኤሌክትሪክ የመለያየት ዘዴ) ሆነ፤ ከባድ ማጭበርበር ነው ተብሎ የሁለት ባለሀብቶችን 25,000 ዶላር እንዲመልስ ተፈረደበት። ፊሊፒናዊው ዳንኤል ዲንጌል ከ1969 ጀምሮ በውሃ የምትሄድ መኪና አለኝ ሲል ኖሮ በ2008፣ በ82 ዓመቱ፣ በማታለል 20 ዓመት ተፈረደበት። ጥቁሩም ነጩም ቢጫውም አለበት። በዚህ ረገድ የሰው ልጅ እኩል መሆኑ ያስደስታል።

ለዚህ ሁሉ የአማኞቹ መልስ የተዘጋጀ ነው። «የነዳጅ ኩባንያዎች ይገድሉታል።» ሮሲ ከ2011 ወዲህ በአደባባይ ሲያሳይ፣ ሲሸጥ፣ ሲከስ ኖሯል፤ የነካው የለም። «ፓተንት አለው።» አዎን፣ አሜሪካ ውስጥ በ2015 ተሰጥቶታል። የፓተንቱ ርዕስ ግን «የፈሳሽ ማሞቂያ» ይላል። ፈሳሽ ማሞቁን ማንም አልካደውም። ዘላለም የሚሽከረከር ማሽን ፈጠርን የሚሉ ማመልከቻዎች ያሰለቹት የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚማ በ1775 ከእንግዲህ አናይም ብሎ በሩን ዘግቷል። «ጋሊሊዮም ተስቆበት ነበር።» ልክ ነው፤ ግን ጋሊሊዮ መነጽሩን ይዞ የቬኒስ ሹማምንትን ግንብ ላይ አውጥቶ «እንኩ፣ እናንተው እዩ» አለ እንጂ በኮንቴይነር ቆልፎ ለአፍታ እያስገባ አላስወጣም።

ግን እኛ ለምን እናምናለን? ልጁ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ማደያው ላይ ሰልፍ ይዞ ውሎ «አልቋል» ተብሎ የተመለሰ፣ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን በእጥፍ የገዛ፣ ውስጡ ውሃ ይኑር ኬሮሲን ሳያውቅ የቀዳ ልጅ ነው። ከጥር 2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ኤሌክትሪኩን ስንጠብቅ መብራቱ ይሄዳል። እንዲህ በተጨነቀ ሰው ፊት «ከአየር ይመጣል» ብሎ የሚናገር ሰው ምን ያህል ያምራል! ችግር ያጎረሰውን ተስፋ ሰው አያኝከውም፤ ይውጠዋል። ለእቁብ ዋስ የምንጠይቀው ገንዘቡ የእኛ ስለሆነ ነው። ቪዲዮ ሼር ለማድረግ የሚወጣው ዳታ ብቻ ስለሆነ ዋስ የሚጠራ የለም። የዳታው ጥቅል ሊያልቅ ሰዓታት ሲቀሩት ደግሞ ሰው ምንም ነገር ያምናል።

ከልጁ ይልቅ የሚታዘቡት ጋዜጠኛውን ነው። የፈጠራ ባለቤት ተገኘ ሲባል ባነር ይሰቀላል፣ ሰርተፍኬት ይዘጋጃል፣ ካሜራ ይመጣል። ጥያቄዎቹም ይታወቃሉ። ሐሳቡ እንዴት መጣልዎት? ቤተሰብ ምን አለ? ከመንግሥት ምን ይጠብቃሉ? «ስንት ዋት ያወጣል? ማን ለካው? አምና የሠሩት የት ደረሰ?» የሚል ግን አይሰማም። ቡታጅራ አጠገብ ባለው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ድንጋይ አንሥቶ እስከ ውሃው ይደርስለት እንደሆነ ይወረውራል፤ የገደሉን ጥልቀት ለመፈተን የሚያመነታ የለም። ያው ሰው ማይክ ሲይዝ ነው መፈተኑን የሚተወው።

እውነተኛ ሥራ እኮ ታሪኩን አይደብቅም። በጊቤ ወንዝ ተፋሰስ ላይ ያለው ግልገል ጊቤ ሁለት፣ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተቦርቡሮለት፣ ለ420 ሜጋዋት ተብሎ በጥር 2010 በታላቅ ድግስ ተመረቀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው ተደረመሰ። ውርደት ነበር፤ በየዜናው ተነገረ፣ ተተቸ፣ ተጠግኖም ኃይል መስጠት ጀመረ።  የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትም በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከሕዝቡ ብር እያሰባሰበ መንገድ ሲያወጣ አዋጪው በደረሰኝ ሰጥቶ በእግሩ ሄዶበት አረጋግጧል። መንገዱ ጉድጓድ ሲኖረው ሰው ይራገማል። የሮሲን ማሽን የተራገመ መካኒክ ግን በዓለም ላይ የለም፤ ሰዓት ጠብቆ የሚበላሽበት ቤት ስላልገባ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው መስቀል፣ ቡናው ቀርቦ አዲሱ ተአምር ከስልክ ብቅ ሲል፣ ሦስት ነገር መጠየቅ ልማዳችን ይሁን። የሚለካው ሌላ ሰው፣ በራሱ መለኪያ ይሁን። ያለፉት ሁለት ሥራዎቹ የት ደረሱ ይባል። ሦስተኛውን ጆሯችሁ ይንገራችሁ፤ አጠገቡ የሚያጓራ ነገር ካለ ይጥፋልን።

ከዚህ ሁሉ በኋላም «ቢሆንስ?» የሚል አይጠፋም። ቢሆንማ እኛ ከሁሉ በኋላ የምንሰማ አይደለንም። የኢ-ካት ማሽን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ቦሎኛ ሳይጨበጨብለት ለአከፋፋይነት ከቸሃም ከሶዶም የተነሣ ሰው ተሰልፎ ያድር ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላም መርካቶ ላይ ሦስት ዓይነት ይገኝ ነበር፤ ኦሪጅናል፣ አንደኛ ደረጃ ኮፒ፣ እና «ይሄ ርካሽ ነው፣ ግን ኃላፊነቱን አልወስድም» የሚባለው። እስካሁን ኮፒው እንኳ አልመጣም።